ማህተሙ ወደ ሰማይ ሲያይ

ፎርድ መኪናዋ ጋራውን በጀርባዋ እየወጣች ነው። ኦርፋ ሆስተተር አንገቷን ወደ ኋላ ጠምዝዛ፣ በአንድ እጇ መሪውን ጨብጣ፣ የኋላ ማርሹን፣ የመሃሉን ፔዳል፣ እንዳይነሳባት በሙሉ ክብደቷ ረግጣ፣ በመኪናዋ የጭነት ሳንቃ ላይ አሻግራ መንገዱን ታያለች። መንገድ ከተባለ ነው። በአንድ ወገን አለት፣ በሌላው ወገን ገደል፣ መሃሉን ደግሞ የሰሞኑ ዝናብ ቦርቡሮታል።

ቤንዚን ከመቀመጫው ሥር ወደ ሞተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ስለሆነ፣ ሲያንስና አቀበቱ ሲበረታ መኪናዋን ወደ ፊት የነዳ ሰው መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ትልበታለች። ስለዚህ የክሬመርስ ሚል ሰው ቤንዚን ባጠረው ቁጥር ይህን ጋራ የሚወጣው በኋላ ማርሽ ነው። ወንዶቹ እየሳቁ፣ እየተፎካከሩ ይወጡታል። ኦርፋ ግን የምታውቀው ከፋብሪካው እስከ ባቡር ጣቢያው ያለውን ሜዳ ብቻ ነበር፤ እሱንም ወደ ፊት።

ከጎኗ አማቷ ሽማግሌው ቶቢያስ ሆስተተር ተቀምጠዋል። ጥቁር የክት ኮታቸውን ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ቀጥ ብለው ወደ ፊት ያያሉ። የቀኝ አውራ ጣታቸው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። በእግሮቻቸው መሃል ቫርኒሽ ያልነካው የቤዝቦል ዱላ ቆሟል።

«ገደሉ በየት በኩል ነው?» አሉ።

ኦርፋ ደነገጠች። እንዲህ ያለ ነገር ጠይቀዋት አያውቁም። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ ስለማየትና ስላለማየት አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም።

«በእርስዎ በኩል ነው፣ አባባ።»

«እንግዲያው ወደ አንቺ አስጠጊያታ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

አስጠጋቻት። የኋላ ጎማው አለቱን ፈገፈገና ሳንቃው ሲጥጥ አለ። እግሯ ግን ፔዳሉን አልለቀቀም።

በዚያው ጠዋት ነበር ኦርፋ ከባቡር የወረደችው። እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ረቡዕ ሄዳ፣ ቅዳሜ የነጻነት በዓል ዕለት ስትመለስ ከተማው ጭር ብሎ ጠበቃት። ሱቁ ዝግ ነው፣ ፀጉር ቤቱ ዝግ ነው፣ ስልክ የምታገናኘው ልጅ እንኳ የለችም። ሰው ሁሉ ከጋራው ማዶ ወዳለው ወደ ብላክ ፎርክ ጨዋታ ለማየት ወርዷል። የክሬመርስ ሚል እንጨት ሠራተኞችና የብላክ ፎርክ ቆዳ ፋቂዎች በየዓመቱ በዚህ ቀን ይጋጠማሉ፤ ዱላ የሚያቀርበው ደግሞ የሆስተተር ፋብሪካ ነው። አንድ ሣጥን አዲስ ዱላ ሜዳው መሃል ይቀመጣል፣ ሁለቱም ቡድን ከዚያው እያነሳ ይመታል። ሽማግሌው ይህን ደንብ ያወጡት ለልጃቸው ቡድን የተሻለውን ሰጡ እንዳይባሉ ነው። ልጃቸው ኤላም፣ የኦርፋ ባል፣ የክሬመርስ ሚል ኳስ ወርዋሪ ነው።

የሥራ ሽርጧን ለመስቀል ወደ ፋብሪካው፣ ዱላ ወደሚጠናቀቅበት ክፍል ጎራ አለች። ማህተሙ ከሚግልበት ምድጃ አጠገብ አንድ ዱላ ተረስቶ ቆሟል። እንደ ልማዷ አነሳችው፣ እንደ ልማዷ አዞረችው፤ ክው ብላ ቀረች። ማህተሙ ያረፈው በጎኑ ላይ ነበር።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ከተማ ያለ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ዱላ የሚጠረብበት አሽ የተባለው እንጨት በየዓመቱ አንድ ልባስ እየደረበ ነው የሚያድገው። እንደ መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ ተደርበው በጎን ሲመቱ ይችላሉ፣ በሽፋኑ በኩል ከመቱት ግን ገጹ ከገጹ ይላቀቃል። ማህተሙ ሽፋኑ ላይ ይታተማል። መቺው ማህተሙን ወደ ሰማይ አድርጎ ይይዛል፣ ኳሱም በጎኑ ያርፋል። ማህተሙ ጎኑ ላይ ከታተመ ግን ሁሉም ነገር ይገለበጣል። መቺው ደንቡን አክብሮ በያዘ ቁጥር እንጨቱን በደካማው በኩል ያስመታዋል። ዱላው አንድ ጊዜ ይችላል፣ ሁለት ጊዜ ይችላል፣ ከዚያ ይሰነጠቅና ወፍራሙ ጫፍ ሹል ሆኖ ይበራል። የሚበረው ወደ ፊት ነው። ፊት ለፊት የቆመው ወርዋሪው ነው፤ ኳሱን ለቅቆ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ጥሎ።

ሽማግሌው ይህን በዓይናቸው አይተዋል። ያኔ ወጣት ነበሩ፣ የጋሪ ጎማ እንጨት ይጠርቡ ነበር። አንድ እሑድ ጓደኛቸው በተሰበረ ዱላ ጉሮሮውን ተወግቶ እጃቸው ላይ ሞተ። የጋሪውን ሥራ ትተው፣ የእንጨት መቅረጫውን ቶርኖ በወንዙ ውሃ ኃይል እያዞሩ ዱላ መጥረብ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በጋለ ብረት ስማቸውን ማተምም የጀመሩት ለጌጥ ብለው አይደለም፤ መቺው ሳያስብ በትክክለኛው በኩል እንዲይዝ ነው። ፋብሪካው ሠላሳ ሠራተኛ እስኪያስተዳድር ድረስ ሲያድግ ቶርኖውን ለሌላ ሰጡ፣ ማድረቂያውን ለሌላ ሰጡ፣ ማህተሙን ግን ለማንም አልሰጡም።

ከዚያ ዓይናቸው መድከም ጀመረ። እሳቸው አልተናገሩም። አጠገባቸው ተቀምጣ ዱላ የምታቀብለው ኦርፋ ግን አንድ ቀን ብረቱን አንስተው ከዱላው ይልቅ ወደ እጇ ሲያመጡት አየች። በማግስቱ እያንዳንዱን ዱላ በትክክለኛው በኩል አዙራ፣ ከእጃቸው ሥር ታስቀምጥላቸው ጀመር። አመሰግናለሁ አላሉም፣ ምን ታደርጊያለሽ ብለውም አልጠየቁ። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

የበዓሉ ጨዋታ ዱላዎች በታተሙበት ሐሙስ ዕለት ግን ኦርፋ አልነበረችም።

ዱላውን ይዛ ወደ ቤት ስትሮጥ ሽማግሌው በረንዳው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሆዴን አሞኝ ቀረሁ አሏት። እሷ ደግሞ ዱላውን ጭናቸው ላይ አኖረችው።

«ማህተሙ በጎኑ ነው ያረፈው፣ አባባ።»

«የእኔ ማህተም ተሳስቶ አያውቅም።» ድምፃቸው ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኛ የሚያዙበት ድምፅ ሆነ። «ሃምሳ ዓመት! ጣቴ ያውቀዋል። ዓይን ምን ያደርጋል?»

«ጣትዎ ምን ሆነ?»

እጃቸውን ከዱላው ሥር ደበቁ።

«የትኛው ነው የተቃጠለው? የሚዳብሱበት ነው እንዴ? አባባ፣ ሐሙስ እኔ አልነበርኩም'ኮ።»

ይህችን ብቻ ነው ያለችው። ሽማግሌው ፊታቸው ጠወለገ። ዱላውን አነሱ፤ በግራ አውራ ጣታቸው ሞከሩ፣ አላመኑትም። ከዚያ ወደ አፋቸው አስጠጉትና በታችኛው ከንፈራቸው የእንጨቱን መስመር ቀስ ብለው ዳበሱ። አዞሩት። እንደገና ዳበሱ። ከንፈራቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ኦርፋ ፊቷን አዞረች።

«ሌሎቹስ?» ብላ ጠየቀች።

«በሣጥን ሄደዋል። ኤላም በጠዋት ይዟቸው ወጥቷል።»

«መኪናዋን አስነሺ» አሉ። «አንቺን ብቻ ማን ይሰማሻል? እኔም መጣሁ።»

አሁን ታዲያ ጋራው ሊያልቅ ነው። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰ፣ ደገመ፣ ከዚያ ዝም ሊል ቃጣው።  መኪናዋ ለአፍታ ቆመችና ወደ ቁልቁለቱ፣ ማለትም ወደ ፊት፣ አንድ ክንድ ያህል ተንሸራተተች።

«ኦርፋ።»

«ዝም ይበሉ፣ አባባ! እባክዎ ዝም ይበሉ!»

በሕይወቷ ዝም ይበሉ ብላቸው አታውቅም። ሽማግሌው በእግራቸው መሃል የቆመውን ዱላ ጨበጡ። ሞተሩ ታንቆ፣ ሳል አሰምቶ፣ መልሶ ነፍስ ዘራና ጎማው ጭቃውን ነከሰ። ጫፍ ላይ ደርሳ መኪናዋን ስታዞር ላብ ጀርባዋን አጥቦት ነበር።

ቁልቁለቱ ላይ ሽማግሌው ጠየቋት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ብረቱን ወደ እጄ ካመጡት ቀን ጀምሮ።»

«ለኤላም ነግረሽዋል?»

«አልነገርኩትም።»

«ባልሽ አይደለም እንዴ? ለምን?»

«እርስዎ ስላልነገሩት ነዋ!»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ጨመደዱት። ኦርፋ እያለቀሰች መሆኗን ያወቀችው መንገዱ ሲደበዝዝባት ነው። እንባዋን በክርኗ ጠረገች። ኤላም ቢሞትብኝስ አለች በልቧ። ቢሞትብኝ ሁለታችን ነን የገደልነው፤ እሳቸው በኩራታቸው፣ እኔ በዝምታዬ። ከሩቅ የናስ ሙዚቃ ጓድ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ የሕዝብ ጩኸት። የደስታ ይሁን የድንጋጤ መለየት አቃታት። የቆዳ ፋብሪካው ሽታም አብሮ ደረሰ።

ሜዳው ዳር መኪናዋን እንዳለች ጥላት ሮጠች። ኤላም ቆሟል። ሙሉ ነው። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ ኳሱ እንዳያዳልጠው እጁን በአመድ ያሻል። ፊት ለፊቱ ማቱሽ የሚባለው ግዙፍ ቆዳ ፋቂ ዱላውን ትከሻው ላይ አሳርፎ ይጠብቀዋል፤ ማህተሙም ደንቡን ጠብቆ ወደ ሰማይ ያያል።

«አቁሙ! ኤላም፣ እንዳትወረውር!»

ሕዝቡ አጉረመረመ። የመሃል ዳኛው ፔንሮዝ፣ በሌላው ቀን የብላክ ፎርክ ፀጉር አስተካካይ፣ ጥቁር ኮቱን እየቆለፈ መጣ። ይህን ኮት ከለበሰ ሚስቱን እንኳ አያውቃትም ይባላል።

«ወይዘሮ ሆስተተር፣ ከሜዳው ይውጡልኝ።»

«ዱላዎቹ ይሰበራሉ! ማህተማቸው ተሳስቷል!»

«ይሰበራሉ?» አለ ማቱሽ። ዱላውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። «አንዴ የመታሁበት አልተሰበረም፣ አሁን እነሱ ሊሸነፉ ሲሉ ይሰበራል? ኤላም! ወንዶቹ አልበቃ ብለውህ ሚስትህን አሰለፍካት?»

ብላክ ፎርክ በሙሉ ሳቀ። ኤላም እስከ ጆሮው ቀላ።

«ኦርፋ፣ ምን ነካሽ? ሰው ፊት...»

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ከየት እንደመጣላት አታውቅም። «ዱላዎቹን አገላብጬ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። ሐሙስ ዕለት።»

«ሐሙስ?» አለ ኤላም። «ሐሙስ እህትሽ ጋ አልነበርሽም እንዴ?»

ውሸቷ እግር ሳያወጣ ሞተ። ፔንሮዝ እጁን አንስቶ ጨዋታው ይቀጥል ሊል አፉን ሲከፍት ከበስተኋላው ያለው ሳቅ ቀስ በቀስ ደከመ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያይ ጀመር።

ሽማግሌው ቶቢያስ ሆስተተር ብቻቸውን ሜዳው ውስጥ ገብተዋል። ባርኔጣቸውን ይዘው፣ ቀጥ ብለው፣ እንደ ሁልጊዜው እንደ አለቃ ይራመዳሉ። ግን የሚራመዱት ማንም ወደሌለበት ነው። ሣጥኑን አለፉት፣ ዳኛውን አለፉት፣ ባዶው ሣር መሃል ደርሰው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዳኛ ፔንሮዝ» አሉ ማንም ወደሌለበት።

 ኦርፋ ልትሮጥ ብላ አልቻለችም። የፈራችው ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንን ነበር፤ ይህን ሁሉ ዓይን።

«አባባ?» አለ ኤላም። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። «አባባ፣ እኔ እዚህ ነኝ።»

ሽማግሌው ወደ ድምፁ ዞሩ። «ሰማሁህ። እዚያው ቁም፣ አትምጣ። ዓይኔ ሄዷል፣ ልጄ። ሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ዱላዎች ማህተም የመታሁት በጭፍን ነው። የሚዳብሰው ጣቴ ተቃጥሎ ነበር። ሚስትህ እውነቷን ነው። ማንም እንዳይመታባቸው።»

ኤላም ኳሱን ከእጁ ጣለው። ማቱሽ ብቻ አልተዋጠለትም፤ ወይም ፈርቶ ነው፣ የፈራ ሰው ደግሞ ይደነፋል።

«ዱላው ደህና ነው እላችኋለሁ! ይኸው!» አለና ማህተሙን ወደ ሰማይ እንዳደረገ ወደ አጥሩ ሄዶ ዋናውን ቋሚ በሙሉ ጉልበቱ መታው።

ሲሰበር የወጣው ድምፅ የደረቀ ሳል ይመስል ነበር። ወፍራሙ ጫፍ ከእጁ ተገንጥሎ፣ እየተሽከረከረ በባዶው የተጫዋቾች አግዳሚ ወንበር ላይ አለፈና ከበስተኋላው ያለው ሳንቃ ላይ ተሰካ። እዚያው ሆኖ ጥቂት ተርገበገበ። ማቱሽ እጁ ውስጥ የቀረውን እጀታ አየ፣ ሳንቃውን አየ፣ ወርዋሪው ቆሞ የነበረበትን ቦታ አየ። ኮፍያውን አወለቀ።

«እኔ... እኔ አላወቅኩም» አለ።

«ማን አወቀ?» አሉት ሽማግሌው። «ያመንከው እኔን ነው።»

ፔንሮዝ ኮቱን ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ። ሣጥኑ ውስጥ ደህናውን ከክፉው ማን ይለያል ብሎ ሲጠይቅ ሽማግሌው አላመነቱም። «እሷን ጠይቋት። ሁለት ዓመት ሙሉ ዱላ የምታዞርልኝ እሷ ነች። ማህተሙ የእሷ ነው ማለት ነው።»

ኤላም ወደ ሚስቱ ዞረ። ይህን እይታ ነበር የፈራችው። ቁጣ ቢሆን ይቀላት ነበር። እሱ ግን የማያውቃት ሰው ይመስል አያት።

«ሁለት ዓመት?» አለ።

አዎን ስትል ራሷን ነቀነቀች።  

ሣጥኑ አጠገብ ተንበርክካ ዱላዎቹን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሳች አዞረቻቸው። ክፉዎቹን ወደ ግራ፣ ደህናዎቹን ወደ ቀኝ። ክፉዎቹ በዙ። የሆስተተር ስም ያለባቸው ዱላዎች ሣር ላይ ተጥለው ሲከመሩ ሠራተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሌው እየቆጠሩ እንደሆነ ከከንፈራቸው ታውቃለች፤ እያንዳንዱ ወደ ግራ ሲወድቅ ድምፁን ይሰማሉ።

ማቱሽ ከቀኙ ክምር አንዱን አነሳ። እንደ ሌላው ጊዜ አልፎከረም፤ ወደ ኦርፋ መጥቶ ዝቅ ብሎ አሳያት። «ይሄ ደህና ነው፣ እመቤቴ?»

«ደህና ነው» አለች።

እርግጠኛ ነበረች። ዱላው እጇ ላይ ሳለ እርግጠኛ ነበረች። ማቱሽ ይዞት ሲሄድና ኤላም ኳሱን ከመሬት ሲያነሳ ግን እርግጠኝነቷ ጥሏት ሄደ። ቫርኒሹ አብረቅርቆ አታሎኝ ቢሆንስ? ወደ ጫፉ መስመሩ ዞር ያለ አልነበረም? በደንብ አይቼዋለሁ? ልትጮህ አለች፤ ግን አንድ ጊዜ አስቁማ ሁለተኛ ምን ብላ ታስቁም? ሮጣ ሄዳ ሽማግሌውን ክንዳቸውን ያዘች፤ ደግፋቸው ይሁን ተደግፋባቸው ራሷም አታውቅም።

«ንገሪኝ» አሏት። «ምን እያደረገ ነው?»

«ኮፍያውን እያስተካከለ ነው።»

«አሁንስ?»

«እጁን አነሳ፣ አባባ።»

ከዚያ በኋላ መንገር አልቻለችም። ዓይኗን ጨፈነች። ጨለማው ውስጥ ሽማግሌው ሲተነፍሱ ሰማች፣ የኤላም ጫማ አፈሩን ሲፍቅ ሰማች፣ ከዚያ ዱላው ኳሱን ሲያገኘው ሰማች። ወዲያው ሜዳው በሙሉ ጮኸ። ሰው ከመቀመጫው ሲነሳ ሳንቃው ተንጓጓ፣ ሴቶች ጮኹ፣ አንድ ሰው የፈጣሪን ስም ጠራ።  ዓይኗን መክፈት እምቢ አላት። እስካልከፈተች ድረስ ኤላም እንደቆመ ነበር።

አንድ ሻካራ እጅ፣ አውራ ጣቱ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ እጇ ላይ አረፈ።

«ዓይንሽን ክፈቺ» አሉ ሽማግሌው። «ከድምፁ ያስታውቃል፣ በጎኑ ነው የመታው። ዱላው ደህና ነው።»

ከፈተች። ኤላም በሁለት እግሩ ቆሟል። ጀርባውን ሰጥቷት፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ኳሱ ከአጥሩ በላይ፣ ከቆዳ ፋብሪካው የዛፍ ቅርፊት ክምር በላይ ሲያልፍ ያያል። ማቱሽ ዱላውን ጥሎ ይሮጣል፤ ብላክ ፎርክ ይዘላል፣ ይተቃቀፋል። ዱላው ሣሩ ላይ ሙሉውን ተጋድሟል።

«ተሸነፍን፣ አባባ» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ።

«እሰይ» አሉ ሽማግሌው።